የዕድሜዬ ሁለት ክምር

ናዳቭ መጀመሪያ ያደረገኝ ነገር ቢኖር ማጥፋት ነው። በመዳፉ፣ ከሰሌዳ ላይ።

ዓርብ ጠዋት ነበር፣ እስራኤል አገር፣ ሬሖቮት ባለ አንድ ኮሌጅ፣ የስታቲስቲክስ መግቢያ የመለማመጃ ክፍል ውስጥ። ማኅበራዊ ሠራተኛ ለመሆን የፈለገ ሰው ይህን ትምህርት ሳያልፍ ወዴትም አይሄድም። እኔ ቀን ቀን ጋን ውስጥ ረዳት ነኝ፤ ጋን የምንለው መዋዕለ ሕፃናቱን ነው። የአምስት ዓመት ልጆች አፍንጫ ስጠርግ እውላለሁ። ከቁጥር ጋር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ተኳርፈን ነው የኖርነው። ስለዚህ አለማማጃችን ናዳቭ ቀጠን ብሎ ረዘም ያለ የአገራችን ልጅ ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ። ደስታዬ ብዙም አልቆየም።

መረጃ እንዴት በሥዕል እንደሚገለጽ ሊያሳየን የተወለድንበትን ወር በየተራ ጠየቀን። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሳጥን እየሣለ በየወሩ ላይ ደረደረ። ሌሎቹ ወሮች ዝቅ ዝቅ ብለው ተቀመጡ፣ ያኑዋር፣ ማለትም ጃንዋሪ ላይ ግን ግንብ ቆመ። ምክንያቱን እኛ ከኢትዮጵያ የመጣነው እናውቀዋለን። ወደ እስራኤል ስንገባ የልደት ቀኑን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ጸሐፊዎቹ ብዙዎቻችንን «ያኑዋር አንድ» ብለው ጽፈው አሳለፉን። በመታወቂያችን ከሄድን ግማሽ ሰፈራችን በአንድ ጀንበር ነው የተወለደው።

«ይኼ የሰዎቹ መረጃ አይደለም፣ የጸሐፊው ነው» አለ ናዳቭ። «የእውነቱን ለማየት እናወጣዋለን።»

ከዚያም ግንቡን በመዳፉ ጠርጎ አጠፋው። አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ተነሣሁ።

«አውጥተህ የት ነው የምታደርገን?» አልኩት በአማርኛ።

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ እያለከለከ ደረሰብኝ። መዳፉ በሰሌዳው ቀለም ጠቁሯል። ልሰድበው ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር።

«ስሊሓ፣ ይቅርታ» አለኝ። «በእውነት ስሊሓ። ኢማዬም እኮ ያኑዋር አንድ ናት። ሳላስበው እናቴንም አጠፋኋት።»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። እኔ ደግሞ ድምፁ የተሰበረ ሰው ላይ መጮኽ አልችልበትም። ስሜን ጠየቀኝ። ዘቢደር አልኩት። ወደ ክፍሉ እንድመለስ ሲለምነኝ እውነቱን ነገርኩት፤ የወጣሁት በእሱ ተናድጄ ብቻ እንዳልሆነ፣ ደደብ እንደሆንኩ፣ ይህንንም ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ እንደማውቅ።

በፈረንጆቹ 1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ ወረቀቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነው ይል ስለነበር ሦስተኛ ክፍል አስገቡኝ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። ሌሎቹ ሲያነቡ እኔ እርሳስ መያዝ ያቅተኛል። ርሃብ ነው ያሳነሳት፣ አእምሮዋም ዘገምተኛ ነው አሉ። እኔም አመንኳቸው። ልጅ የነገሩትን ያምናል።

ናዳቭ ይህን ሰምቶ አላዘነልኝም፣ ተቆጣ። ቁጣው ነው እንድወደው ያደረገኝ።

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ክርያት ሞሼ፣ ከሕንፃችን ሥር ባለው አግዳሚ ላይ እየተቀመጠ ያስጠናኝ ጀመር። ጎረቤቶች በመስኮት ያዩናል፣ እሱ ቁጥር ያወራል። ሕንፃችሁ ውስጥ አንድ ሚሊየነር ቢገባ የሁላችሁም አማካይ ገቢ ከፍ ይላል፣ የማንኛችሁም ፍሪጅ ግን አይሞላም ይለኛል። ስለዚህ ለአማካይ ቶሎ አትታለዪ፣ መጀመሪያ ሥዕሉን ሣዪ፣ ቁጥሮቹ የት እንደተሰበሰቡና የት እንደተበተኑ እዪ ይለኛል። አንድ ቀን ሳይረዳኝ ብቻዬን አንድ ጥያቄ ሠርቼ መልሱ ልክ ሲሆን አለቀስኩ። እሱ መሐረብ አልነበረውምና የሸሚዙን እጅጌ ሰጠኝ። ያን ቀን እንደወደድኩት አወቅሁ።

ከክረምቱ በኋላ ሽማግሌ ልላክ አለ። መጀመሪያ ግን እናቱ ልታየኝ ይገባል።

እናቱ እትዬ ገበያነሽ ክርያት ዔቅሮን ነው የምትኖረው። በሱዳን በኩል፣ በድርቁ ጊዜ የመጣች ሴት ናት። ናዳቭን እዚህ ሬሖቮት ሆስፒታል ወልዳዋለች፣ ሰዓቱና ክብደቱ ሳይቀር ተጽፎ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ሄድኩ። በወጉ መሠረት ዘሬን በአባቴም በእናቴም እስከ ሰባት ቤት አስቆጠረችኝ፤ ሥጋ ዘመድ አለመሆናችንን ስታረጋግጥ ፊቷ በራ። ከዚያ ዕድሜዬን ጠየቀች። ሠላሳ ሦስት አልኳት። ናዳቭ ሃያ ዘጠኝ ነው።

ክፉ ቃል አልወጣትም። ስሸኝ አገላብጣ ሳመችኝ፣ ጤና ይስጥልኝ አለችኝ፣ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው። ናዳቭ መዋሸት ስለማይችል በማግስቱ ያለችውን ነገረኝ።

«ልጅቱ ወርቅ ናት። ግን ታላቅህ ናት። ታላቅ ይከበራል እንጂ አያገቡትም። እኔ እያለሁ ሽማግሌ አልልክም።»

ናዳቭ ያለ እሷም እናገባለን አለ። እኔ እምቢ አልኩ። እናቱን አስከፍቶ ያገባ ባል፣ የከፋው ቀን ሁሉ ፊቴ ላይ እናቱን ነው የሚያይ። ያለ ምርቃቷ ትዳር አልፈልግም አልኩት። እንዲህ ብዬው ቤቴ ገብቼ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም ምርቃቱ እንደማይመጣ አውቄ ነበር።

መላውን ያመጣው እሱ ነው። የሴሚስተሩ መዝጊያ ሥራችን መረጃ ሰብስቦ መግለጽ ነበር። «ሠላሳ ሦስት ያለሽ ማን ነው?» አለኝ። «ጸሐፊው። እኛ ደግሞ ሰዎቹን እንጠይቅ።» ከመንደራችን የመጡ ሰዎች ክርያት ሞሼ ሞልተዋል። የተወለድኩ ጊዜ ምን እንደነበረ ያስታውሳሉ፣ ያን ወደ ዓመት እንመልሰዋለን። ምናልባት ያን ያህል አልበልጠው ይሆናል።

መጀመሪያ አባቴን ጠየቅሁ። አባቴ ተዘራ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ክፋር ማርሞሬክ ውስጥ አንድ ሰው በፈቀደለት ቁራሽ መሬት ላይ ጎመንና ድንች ያበቅላል። እናቴ ካረፈች በኋላ የሚያነጋግረው ያን ጎመን ነው። እኔ ብቸኛ ልጁ ነኝ። ጥያቄዬን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ።

«መታወቂያሽ ላይ ያለው ነው፣ ማንቴ» አለኝ፤ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ማንቴ የሚሉኝ እሱና እናቴ ብቻ ነበሩ። የፍቅር መጠሪያ ነው ብዬ ትርጉሙን ጠይቄ አላውቅም። መውጣቱን ግን በናዳቭ እንደ መከፋት አድርጌ ወሰድኩት። አባቴም ጠላው አልኩ፣ ከሁለቱም ወገን ተዘጋብን።

እንዲያም ሆኖ ከናዳቭ ጋር በየቤቱ ዞርን። ዓመተ ምሕረት አንጠይቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ምን ነበረ ብለን ነው የምንጠይቅ። አንዱ ከድርቁ በፊት፣ እህሉ መልካም የነበረ ጊዜ ነው ይላል። ሌላዋ የለም፣ ድርቁ አልፎ ዝናብ የተመለሰ ጊዜ ነው የተወለድሽው ትላለች። በሱዳን የመጡት፣ እኛ መንደሩን ስንለቅ አንቺ እየሮጥሽ ነበር ይላሉ። በአዲስ አበባ የመጡት ደግሞ በእናትሽ ጀርባ ሆነሽ ነው የማውቅሽ ይላሉ። አባ ማለደ የሚባሉ፣ ከአባቴ ጋር በአንድ አውሮፕላን የመጡ ሽማግሌ፣ ዝናቡ የተመለሰ ጊዜ ነው ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አንዲት አሮጊት «የተዘራ ልጅ? የትኛዋ?» ብለው ነበር። ልጃቸው ሻይ አቀርባለሁ ብላ ወሬውን ቆረጠችው። መርሳት ጀምረዋል ብዬ አለፍኩ።

ሁሉንም ደምረን ስናካፍል አማካዩ ሠላሳ አንድ መጣ። ናዳቭ ደስ አለው፤ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ለሁለት ዓመት ኢማ ልቧን አታደነድንም አለ። እኔ ግን ያስተማረኝን አልረሳሁም። ሥዕሉን ሣልኩ። የእያንዳንዱን ሰው መልስ ነጥብ አድርጌ በዕድሜው ላይ አስቀመጥኩ።

ሁለት ክምር ሆነ። አንዱ ሠላሳ ሦስት አካባቢ፣ ሌላው ሃያ ዘጠኝ አካባቢ። በመካከላቸው ባዶ ሜዳ። ሠላሳ አንድ ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ አማካያችን ማንም ያልቆመበት ቦታ ላይ ብቻውን ቆሟል።

«ሁለት ክምር ሲሆን ምን ማለት ነው?» አልኩት።

ናዳቭ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየ። መልሱን ያውቀዋል፣ ግን አልወደደውም።

«ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ተቀላቅለዋል ማለት ነው» አለ።

በማግስቱ ጋን ውስጥ አንድ ልጅ የሚነቃነቅ የፊት ጥርሱን ሊያሳየኝ አፉን ከፍቶ መጣ። ስድስት ሊሞላው ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሁሉም እንዲህ ናቸው። ጎሽ፣ አደግህ አልኩት። ከዚያ በልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የእኔ የመጀመሪያ ጥርስ የወለቀው እዚህ አገር ነው፣ በመጤዎች መቀበያው፣ ካራቫን በሚሉት ተንቀሳቃሽ ቤት ውስጥ። እናቴ ጣሪያው ላይ ስትወረውረው ትዝ ይለኛል። በመታወቂያዬ ከሆነ ያን ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር። በአሥር ዓመቱ የመጀመሪያ ጥርሱን የሚነቅል ልጅ አይቼ አላውቅም።

አሮጊቷም ትዝ አሉኝ። የትኛዋ?

ከሥራ ስወጣ ቤት አልሄድኩም፣ ክፋር ማርሞሬክ ሄድኩ። አባቴ ጎመኑን ያጠጣ ነበር።

«አባ» አልኩት፣ «ዘቢደር ማን ናት?»

ጎማውን ከእጁ አልጣለውም። ውኃው ከመደቡ ወጥቶ መንገዱ ላይ ይፈስ ጀመር፣ እሱ ቆሞ ያየዋል።

«እኅትሽ» አለ።

ከዚያ ተቀመጠና ነገረኝ። ዘቢደር የመጀመሪያ ልጁ ነበረች። እሱና እናቴ ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ እኔ ታምሜ ስለነበር ከአያቴ ዘንድ ተውኝ፤ እዚያ ሲመዘገቡ ከዘቢደር ጋር ብቻ ተመዘገቡ። እኔን አባ ማለደ ዘግይተው ይዘውኝ ደረሱ። ጉዞው ሲጠበቅ ኩፍኝ ገባ። ዘቢደር ሞተች። ሞቷ ቢሰማ ወረቀታችን ይበላሻል፣ ወደኋላ ያስቀሩናል ብለው ፈሩ። ድምፅ ሳያወጡ በሰው አገር ቀበሯት። ለቅሶ የለም፣ ድንኳን የለም። ደረት የመታም የለም። ወዲያው ድንገት ተነሡ ተባለ፣ አውሮፕላን መጣ። የእኔ ስም የትም አልነበረም። «ዘቢደር ተዘራ» ተብሎ ሲጠራ እናቴ ወደፊት ገፋ አደረገችኝ። እኔም ሄድኩ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩት። ተቆጥቼ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ወንበር ላይ እግሯ መሬት የማይነካው ልጅ ታየችኝ። አምስት ዓመቷ ነበር። ደደብ አልነበረችም፣ ትንሽ ልጅ ነበረች።

«ከነገርንሽ እሷን ማልቀስ ነበረብን» አለኝ። «ከጀመርን የምናቆም አልመሰለንም። እናትሽ ሳትጀምር ሄደች።»

ከዚያ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ።

«ዘቢደር ብዬ አንድ ቀን ጠርቼሽ አላውቅም። ስምሽ ማንተገብሽ ነው። ማንቴ ስልሽ የኖርኩት በስምሽ ነው።»

አቅፌው እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ቁጣዬ አልጠፋም፣ ግን ከእሱ ላይ ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

ለናዳቭ ስነግረው መጀመሪያ አለቀሰ። ቆይቶ እንደ ሰው ደግሞ ደስ አለው። ሰው ነው፣ አልፈርድበትም።

«እኩያዬ ነሽ» አለኝ። «ዛሬውኑ ለኢማ እነግራታለሁ። አለቀ፣ ምንም የቀረ ነገር የለም።»

«አትነግራትም» አልኩት።

አልገባውም። ቃላቱን እየፈለግሁ አስረዳሁት። ይህች ልጅ ሞታ የሚያለቅስላት አላገኘችም። ስሟን ለብሼ ኖርኩ፣ ተራዋን ወስጄ በአውሮፕላኗ መጣሁ። አሁን ደግሞ ሞቷን ይዤ እናቱ ደጅ ቆሜ፣ እዪ፣ ትንሽ ነኝ፣ ልጅሽን ስጪኝ ልበል?

«እኅቴን መጀመሪያ አለቅስላታለሁ» አልኩት። «ለሠርጌ ማስረጃ አላደርጋትም። በዚህ ምክንያት ካጣሁህም ላጣህ።»

«ካልነገርኳት ያው እምቢ እንዳለች ትቀራለች።»

«ትቅር።»

በመጨረሻ ናዳቭ ቤሰደር፣ እሺ አለኝ፣ በቀስታ። ቃሉንም ጠበቀ። ቤት እናቱ ፊት እየዋለ እያደረ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊፈታ የሚችለውን ነገር ዋጥ አድርጎ ያዘው። አንዳንድ ሰው እወድሻለሁ ይላል። ናዳቭ ዝም አለልኝ።

አባቴ ለቅሶ ተቀመጠ። ሃያ አራት ዓመት የዘገየ ለቅሶ፣ ክርያት ሞሼ፣ በእኛ ሳሎን። የሳሎኑን ዕቃ አውጥተን ፍራሽ አነጠፍን። ምስጢሩን የጠበቁት የመንደራችን ሰዎች መጀመሪያ መጡ፤ ለካ ለቅሶው በእነሱም ውስጥ ኖሯል፤ አለቀሱ። አባ ማለደ አንገቴን ይዘው ይቅር በይኝ አሉኝ። ናዳቭ በር አካባቢ ቆሞ ወንበር ያመላልሳል።

በሁለተኛው ቀን እትዬ ገበያነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ማንም አልጠራትም። በእኛ ዘንድ ለቅሶ የሰማ ሰው ጥሪ አይጠብቅም፤ የተጣላም ቢሆን፣ እምቢ ያለም ቢሆን ይመጣል። ማን እንደሞተ አታውቅም ነበር፣ የሩቅ ዘመድ መስሏታል። ከአባቴ ጎን ተቀምጣ ዝቅ ባለ ድምፅ ማን ነው ያረፈባችሁ አለችው።

አባቴ ቀና አለ። «ልጄ ዘቢደር ናት» አለ፣ ሁሉም እስኪሰማ። «ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አዲስ አበባ ነው የቀበርኳት። ይህችኛዋ ታናሿ ናት፣ በስሟ አመጣኋት።»

እትዬ ገበያነሽ እኔን አየች። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ማስላት ይችል ነበር፣ ቀላል ስሌት ነው። እሷም ልታሰላ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች፣ ለማታውቃት ለእኅቴ፣ ስሟን እየጠራች። ዘቢደርዬ፣ ብቻሽን የቀረሽው አለቻት። አባቴ ያን ጊዜ ነው ደረቱን የመታው።

ሲበርድላት ወደ እኔ ፍራሽ መጥታ ተቀመጠችና እጄን ያዘች።

«ስምሽ ማን ነው፣ ልጄ?»

«ማንተገብሽ» አልኳት። ራሴን በስሜ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ማንተገብሽ» አለች። «የሁለት ሰው ዕድሜ ተሸክመሽ ነው እንግዲህ ቤቴ የመጣሽው። እኔ ደግሞ ዕድሜዋ በዛ አልኩ።»

እጄን ሳትለቅ በሩ ላይ ወንበር ይዞ የቆመውን ልጇን ጠራችው።

«ሐዘኑ ሲወጣ ሽማግሌ እንልካለን» አለችው። «ስንት ዓመቷ እንደሆነ ግን ማንም እንዳይነግረኝ።»

እስከ ዛሬ አልነገርናትም፣ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

በሚቀጥለው በጋ ተጋባን። ረቢው ለጋብቻው ውል የሙሽራዋን ስም ሲጠይቅ ከእኔ ቀድሞ አባቴ መለሰ፤ ሁለቱንም ስሞች ተናገረ፣ ሁለቱም ተጻፉ። ፈተናውን አልፌያለሁ፣ የሁለቱ ክምር ሥዕልም ጥሩ ነጥብ አግኝቷል። ናዳቭ አሁንም ዓርብ ዓርብ ያስተምራል። ያኑዋር ላይ ግንቡ ሲቆም ከእንግዲህ አያጠፋውም፤ የእያንዳንዱን ባለ ሳጥን ስም ይጠይቃል።

መታወቂያዬን እንዳስተካክል ብዙ ሰው መከረኝ። አላስተካከልኩም። እኅቴ ተጽፋ የምትገኝበት ሌላ ቦታ በዚህ ዓለም የለም። ያኑዋር አንድ ሲመጣ ከባንኩም ከጤና ድርጅቱም ስልኬ ላይ እንኳን ተወለድሽ፣ ዘቢደር የሚል መልእክት ይገባል። ድሮ እስቅበት ነበር። አሁን ከናዳቭ ጋር አባቴ ቤት ሄደን ሻማ እናበራለን፣ አባቴም ምን ዓይነት ልጅ እንደነበረች ይነግረናል። ያን ቀን ለባለቤቱ ለእኅቴ መልሼላታለሁ።